የዶቅዶቄው አዲስ ካቴና

ጉለሌ፣ ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? የአሰብ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ጋ ጠዋት ጠዋት የእንጦጦ ብርድ እጅ ያደነዝዛል፤ ቢሆንም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። እናታችን ደኅና ናት። ዓይኗ ላይ ያለው ሞራ ግን እየባሰ ሄዶ አሁን ከብርሃንና ከጥላ ሌላ የምትለየው የለም። ጆሮዋ እንደ ድሮው ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም ስለ ጆሮዋ ነው።

ትተህልኝ የሄድከው ዶቅዶቄ ካቴና ተቀይሯል። ለምን እንደቀየርኩትና ምን እንደተከተለ በተራ ልንገርህ።

አንተ ከሥራ ስትመለስ፣ ከላይ አስፋልቱ ጋ ሞተሩን አጥፍተህ ቁልቁለቱን እየተንሸራተትክ እስከ አጥራችን ትወርድ ነበር። እኔም ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ እንደዚያው አደርጋለሁ። ሞተሩ ከጠፋ የሚሰማው የካቴናው ድምፅ ብቻ ነው። አሮጌው ላልቶ ስለነበር ከሽፋኑ ላሜራ ጋር እየተጋጨ ቀጭ ቀጭ ይላል። እናታችን ያንን ስትሰማ ከተቀመጠችበት ትነሣና ግድግዳውን እየዳበሰች ደጃፍ ላይ ትቆማለች። ሁለት እጇን ትዘረጋለች። «ሆዴ፣ መጣህልኝ?» ትላለች።

አሰብ መሆንህ ጠፍቷት አይደለም። ጠዋት ብትጠይቃት «እሱማ ቀይ ባሕር ወርዷል» ብላ ትመልስልሃለች። ማታ ያ ድምፅ ሲመጣ ግን ይህ ሁሉ ከአእምሮዋ ይወጣል። እኔ በአጥሩ በር ገብቼ ዶቅዶቄውን እየገፋሁ ደጃፍ እስክደርስ ድረስ ትመርቃለች። «የዛሬን ያላሳጣኝ፣ እግርህን የመለሰልኝ» እያለች ፊቷ በሙሉ ይፈታል። ከዚያ «እኔ ነኝ» እላታለሁ። «አ፣ መምህሩ ነህ» ትልና እጇን ወደ ነጠላዋ ትመልሳለች።

ወንድሜ፣ አንተ ሆዴ ነህ፣ እኔ መምህሩ ነኝ። መድኃኒቷን የማመጣላት፣ ጠበሏን ከእንጦጦ ማርያም በጀሪካን የማወርድላት፣ ጥፍሯን የምቆርጥላት እኔ ነኝ። አንተ በዓመት ሁለት ደብዳቤ ትጽፋለህ፣ እሱንም የማነብላት እኔ ነኝ። ያ እጅ ሲታጠፍ በየማታው አያለሁ። እሷ ማየቴን አታይም።

ካቴናው አርጅቶ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ካቴናው ከሚጠመጠምበት ከኋላው ትልቁ ጥርስ ላይ በጣቴ ስስበው የጥርሱ ግማሽ እስኪታይ ድረስ ተነሣ። እንዲህ የሆነ ካቴና ቢያጠብቁትም ከእንግዲህ አይረባም። ግን አልደብቅህም፤ ካቴናው ደኅና ቢሆን ኖሮም ሰበብ እፈልግለት ነበር። በራሴ ስም ወደ ቤቴ መግባት ፈልጌ ነበር።

እታች መንገዱ ዳር የሚሠራውን መካኒኩን በዳሳን ታስታውሰዋለህ። አየት አደረገውና «ጋሼ፣ ሁለት ቀለበት ቆርጠን ብንጥልለት እስከ ፋሲካ ይሄዳል» አለኝ። የተለጠጠው እያንዳንዱ ቀለበት ስለሆነ ሁለቱን መጣል የቀሩትን አያድናቸውም አልኩት። «ወንድምዎ ቢሆን በአንድ ሲጋራ ጨርሶት ይሄድ ነበር» አለ። እኔ ሲጋራ እንደማላጨስ ነገርኩት። «እሱንማ አውቃለሁ፣ ሥራ የማያልቅልዎ ለዚህ እኮ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

አሮጌውን ፈትቼ በናፍታ አጠብኩትና በጋዜጣ ጠቅልዬ ሱማሌ ተራ ሄድኩ። ሬድዋን የሚባል መለዋወጫ ሻጭ መጀመሪያ ያቀረበልኝ ለጥርሱ ሰፊ ነበር፣ ግራና ቀኝ ይጫወታል። ሁለተኛው በስፋቱ ልክ ነው፣ ግን ብዙ ተቀምጦ ዝጎ ኖሮ ሳጥፈው አንዳንዱ ቀለበት አልታዘዝ አለ። ሦስተኛውን ከአሮጌው ጎን ዘርግቶ «ይኸው፣ እኩል ናቸው» አለኝ። አሮጌው ስለተለጠጠ እኩል ከሆኑ አዲሱ ረዝሟል ማለት ነው፣ የሚለካው በቀለበት ቁጥር ነው ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ሬድዋን ጉንጩን በእጁ ደግፎ ሲያየኝ ቆየና «ጋሼ፣ ካቴና ነው የሚገዙት ወይስ ፈተና እያረሙ ነው?» አለኝ።

ቆጥሬ ስጨርስ ያው እንዳልኩት ትርፍ ነበረው። እሱ ግን ቁጥሬን አልሰማም። የአሮጌውን ማያያዣ አንሥቶ እያየ ነበር። «ይቺን የሸጥኳት እኔ ነኝ። ለአንድ ረጅም፣ ሳቂታ ሰውዬ» አለ። ወንድሜ ነው አልኩት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «የሱ ወንድም ነዎት? አይመስሉም» አለና ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር በሰም ወረቀት የተጠቀለለ፣ ግራሶው ያልደረቀ ካቴና አወጣ። «ለሱ ነበር ያስቀመጥኳት። ለእርስዎ አይደለም፣ ለሱ ስል ነው» አለኝ። ስፋቱ ልክ፣ ቁጥሩ ልክ፣ አንዱም ቀለበት የማያመነታ ነበር። ሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ ምርጡ በአንተ ስም ወጣ። አመሰግኜ ተቀበልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ጆንያ አንጥፌ ሥራ ጀመርኩ። የኋላው ጥርስ በአንድ ወገን ስለተበላና አዲስ ስላልተገኘ ገልብጬ አሰርኩት፤ አሁን የሚጎተተው ባልተበላው ፊቱ ነው። አዲሱን ካቴና በፊተኛው ትንሽ ጥርስ ዙሪያ ለማሳለፍ ከአሮጌው ጫፍ ጋር አያይዤ ቀስ ብዬ ሳብኩት፣ አሮጌው እየወጣ አዲሱን አስገባልኝ። የማያያዣውን ቆላፊ ድፍኑን ጎኑን ካቴናው ወደሚሄድበት አዙሬ አስገባሁ፤ አንተ በተቃራኒው አስገብተኸው ነበር። ከዚያ ጎማውን በግራም በቀኝም እኩል ወደ ኋላ ስቤ፣ እያዞርኩ ካቴናው ይበልጥ የሚወጠርበትን ቦታ ፈለግሁና እዚያ ላይ የሁለት ጣት ያህል እንዲወርድና እንዲወጣ አድርጌ አጠበቅሁት። በዳሳ መጥቶ ዞረው። ነቀፋ ፈለገ፣ አላገኘም። «ምንም ድምፅ የለውም፤ ሰው እንዳይገጩበት ብቻ» አለ።

በዚያን ቀን ማታ ከአስፋልቱ ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። ጎማው ጠጠር ሲረግጥ እንጂ ሌላ አይሰማም። ደጃፍ ላይ ማንም አልነበረም። ስገባ «ማነው?» አለች። እኔ ነኝ አልኳት። «ግባ መምህሩ» አለች። ደስ አለኝ። እጇ ሲታጠፍ ሳላይ የገባሁበት የመጀመሪያው ማታ ነበር።

ደስታዬ ሳምንት አልሞላም። ከተቀመጠችበት መነሣት ተወች። እህል ሳቀርብላት ሁለት ጉርሻ ወስዳ እጇን ትጠርጋለች። ማታ ማታ ወደ አጥሩ በር ጆሮዋን አዘንብላ ትቆይና «እሱ ዛሬም ቀረ?» ትለኛለች። የኅዳሩን ደብዳቤህን አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ፤ የኔ ልጅ እንዲህ አስተካክሎ አይናገርም» አለች። ሳነብላት ሰዋስውህን እያረምኩ ነበር።

ማክሰኞ ጎረቤታችን ወይዘሮ አስቻለች ከአጥሩ ውጭ ጠበቀችኝ። የእናታችንን ነጠላ አጥፋ በብብቷ ይዛለች። «መምህር፣ እናትዎ ይህን ሽሮ ሜዳ ወስደሽ ጥቁር አስነክሪልኝ ብለው ሰጡኝ። ‹መምህሩ ሰምቶ ደብቆኛል› ይላሉ። ምን ሰምታችሁ ነው? እኔስ ምን ላድርግ?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። በዚህ ዘመን ከሩቅ ያለ ልጅ ድምፁ ሲጠፋ እናት የምታስበውን አንተም ታውቃለህ። ምንም አልሰማንም፣ ደኅና ነው አልኳት። «ለሳቸው ይንገሯቸዋ» አለች። ነግሬያታለሁ። እኔን አታምነኝም።

ነጠላውን ተቀበልኳት። ዶቅዶቄውን እዚያው አቁሜ መፍቻዬን አወጣሁና የኋላውን ጎማ ዳዶ ፈታሁ፣ ጎማውን ወደ ፊት መለስኩት። ካቴናው እስኪንጠለጠል፣ ላሜራውን እስኪመታ ድረስ ለቀቅሁት። አዲስ ካቴና እንዲህ አይያዝም፤ ጥርሱንም ይበላል፣ ራሱም ያልቃል። በዳሳ ሲያልፍ አየና «ጋሼ፣ ላልቷል እኮ» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። «ማን አላላው?» አለ። እኔ አልኩት። ሲጋራውን ከአፉ አውጥቶ አየኝ።

ወደ ላይ ወጥቼ ከአስፋልቱ ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። ቀጭ ቀጭ እያለ። ስደርስ ደጃፍ ላይ ቆማለች፣ እጇ ተዘርግቷል። «ሆዴ፣ ቆየህብኝ» አለች። ቆየሁ አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። እንደ ሌላው ጊዜ ቆማ አልጠበቀችኝም፣ አንድ እርምጃ ወጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። ግንባሬን ዳበሰች፣ ወደ ታች ስትወርድ ጣቷ አንተ የማታደርገውን መነጽሬን ነካ። እዚያ ላይ ቆመ። ከዚያ ፊቴን ሳትለቅ ረዥም ምርቃት መረቀች። ማንን እንደመረቀች አልጠየቅኳትም። በማግስቱ ነጠላዋን ሳይነከር በነጭነቱ ለብሳ ምሳዋን በላች።

አሁን እንግዲህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ደብዳቤ አብዛላት፣ እንደ አነጋገርህ ጻፍ፣ እኔም አላርምም። ለመምጣት ስታስብ ግን ቀኑን አስቀድመህ ለእኔ ጻፍልኝ። አንተ ራስህ ከገባህ ያ ቀጭ ቀጭ አያስፈልጋትም፤ ካቴናውን የማጠብቅበት አንድ ቀን ይበቃኛል።

እመብርሃን በሄድክበት ሁሉ ጥላ ትሁንህ። ከባሕሩም ከሰዉም ክፉ ትሰውርህ። በደኅና ያገናኘን።

ታላቅ ወንድምህ