ለጣሊያኑ የተረጎምኩት ምክር

ቡሬ፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

እኔ ኃጥኡ አለልኝ በዚህ ደብተር ፊት ወድቄ እናዘዛለሁ፤ ትናንት የሽማግሌ ቃል አርሜአለሁ።

ጣሊያኑ አብራሪ ኤሊካ የሚላቸውን፣ አውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ እየተሽከረከሩ የሚጎትቱትን ሁለት የእንጨት መዘውሮች ጫፋቸው እንዲስተካከል ሞፈር ጠራቢው አጎቴ አያ ካሴ ዘንድ አመጣ። አንደኛው ብዙ ተጠማዟል፣ ሌላው ጥቂት ብቻ። "ቦምብ ጭኜ ከዚህ አጭር ሜዳ መነሳት አቃተኝ፤ የትኛው ይሻለኛል?" አለ። አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

አያ ካሴ እንደ ጳጳስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ብዙ የተጠማዘዘውን ይውሰድ በለው" አሉ።

ሳቄን ዋጥኩት። በሬው ለደከመበት ገበሬ ሁሉ "ማረሻውን አታጥልቀው፣ በሬው ይቆምብሃል" የሚሉት እኮ ራሳቸው ናቸው! ብዙ የተጠማዘዘውም ነፋሱ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ሞተሩ ይጨነቃል። ጃጅተዋል አልኩና ክብራቸውን ላድን ብዬ፣ "ጥቂት የተጠማዘዘውን ውሰድ ይላሉ" አልኩት።

ዛሬ ጠዋት አውሮፕላኑ እንደ ጭልፊት ተነስቶ ወደ ደጋ ዳሞት አቀና። የአያ ካሴ ልጅ ከአርበኞቹ ጋር እዚያ ጫካ ነው። ይሄ ትዝ ያለኝ፣ አያ ካሴም እንዳልጃጁ የገባኝ ድምፁ ከራቀ በኋላ ነው።

አሁን ተመልሶ ሜዳው ላይ ቆሟል። ከሆዱ ሥር የነበሩት ቦምቦች የሉም። ሞተሩ ጠፍቷል፤ እኔ ግን ጆሮዬን በጣቴ ብወትፈውም ይሰማኛል።

ይሄን ስጽፍ አያ ካሴ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። አልተቆጡም። ቀስ ብለው፣ "ያልኩህን ነው ወይ የነገርከው፣ አለልኝ?" አሉኝ።