አርባ ሰባት ዓመት የዘገየው የተሰማ ለቅሶ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለእታለም ድንቅነሽ፣ ጂንካ።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን አለሽልኝ? ያ የግራ ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ እንደ ድሮው ያኮርፋል? ባለቤትሽ ጋሽ ጋሻውስ ጨው መቀነሱን ተቀበሉ ወይስ አሁንም እንደ ሕፃን ተደብቀው ይነሰንሳሉ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። በስልክማ የተሰማን ስም ባነሳሁ ቁጥር «ይቆራረጣል፣ አይሰማኝም» እያልሽ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት አይቆራረጥም ብዬ ነው።

ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው፤ ቅዳሜ ዕለት እዚህ ልደታ ሞተሽ ተለቅሶልሻል። ለሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ አትደንግጪ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከየት እንደጀመረ ልንገርሽ።

ዘንድሮ የማስተምረው ስምንተኛ ክፍል ነው። ስለ ቀይ ሽብር ሳስተምር ሃያ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ዓመተ ምሕረቱን፣ የድርጅቶቹን ስም፣ የሟቹን ብዛት ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ለፈተና ይሸመድዳሉ፣ በማግስቱ ይረሱታል። ዘንድሮ ይሄ ነገር ሰለቸኝና «ቤታችሁ ሄዳችሁ በዚያ ዘመን ያለፈ የአንድ ሰው ስም ጠይቁ። እንዴት እንደሞተ ሳይሆን ምን ይወድ እንደነበር ጠይቃችሁ ኑ» አልኳቸው። ሐሙስ ዕለት ይዘው የመጡትን ብትሰሚ! አንዱ ቆሎ ሲቀርብለት ገብሱን ለሌላው ትቶ ሽምብራውን እየለቀመ የሚጨርስ ነበር። አንዷ ቀሚሷ እንዳይጨማደድ ፍራሽ ሥር አንጥፋ ትተኛበት ነበር። አንዱ ደግሞ የኳስ ቡድኑ የተሸነፈ ዕለት እራት አይበላም። ልጆቹ ሳቁ። በዚህ ትምህርት ላይ ልጅ ሲስቅ ያየሁት ገና አሁን ነው፤ ደስም አለኝ፤ እነዚያ ሰዎች ከመሞታቸው በፊት ኖረው ነበርና። በመሃል አንዷ «የገዳዮቹስ የልጅ ልጆች የት ናቸው?» አለችኝ። «ምናልባት እዚሁ አጠገብሽ። እኔ ሁላችሁንም የማስተምረው በአንድ ጠመኔ ነው» አልኳት።

ከዚያ ሶፊ የምትባል፣ እናቷ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ የቅመም ሱቅ ያላት ልጅ፣ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እርስዎስ ቤት ሰው አልነበረም?» አለችኝ። እታለም፣ አፌን ስከፍት የመጣልኝ «ወንድሜ ጅማ ሄደ» የሚል ነው። በሃምሳ አራት ዓመቴ! እማዬ ያስጠናችንን ቃል ምላሴ አልረሳውም።

ተሰማን በታኅሣሥ 1970 ከቤት ሲወስዱት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባባ መርዶውን ይዘው የገቡ ቀን እማዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ድምፅዋን ዋጠችው። ማልቀስ ራሱ የሚያስወስድበት ጊዜ ነበር። ለጠየቀን ሁሉ «ጅማ አጎቱ ዘንድ ሄደ» እንድንል አስማለችን። አንቺ ዐሥራ ሰባት ዓመትሽ ስለነበር የምትዋሺው እያወቅሽ ነው። እኔ ግን አመንኩ። እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ ከጅማ የሚመጣ ሰው በሰማሁ ቁጥር በር ላይ ወጥቼ እጠብቅ ነበር። አልሞተም ያለኝ የለም፣ ሞተ ብሎም የነገረኝ የለም፤ መጠበቁን ነው የተውኩት።

እና «ወንድሜ ጅማ...» ብዬ ጀመርኩና መጨረስ አቃተኝ። እውነቱን ተናገርኩ። ስሙ ተሰማ ነው፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ ከዚሁ ሰፈር ነው የወሰዱት፣ እርማችንን አላወጣንም አልኳቸው። አርባ ሦስት ልጅ ፊት ዕንባዬ መጣ። ለእማዬ የማልኩትን አፈረስኩ፣ ያውም አንቺን ሳልጠይቅ። ይህን ስጽፍ ከቁጣሽ በላይ የምፈራው ዝምታሽን ነው።

ልጆቹ ቤታቸው ገብተው «የቲቸር በሱፍቃድ ወንድም ሞቶ ክፍል ውስጥ አለቀሱ» አሉ። ቅዳሜ ጠዋት በቁምጣ ሆኜ ብርድ ልብስ ስዘፈዝፍ በር ተንኳኳ። ሚስቴ ሰላም ስትከፍት ከእኛ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ሁለተኛው ድረስ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ደረጃውን ሞልተውታል። እሷም ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ አልሰጠችም፤ «ወይኔ እታለሜ!» ብላ እሪ አለች። ከአንቺ ሌላ እህት ወንድም እንደሌለኝ ታውቃለቻ። ሴቶቹም ተቀበሏት። እኔ አረፋ በአረፋ የሆነ እጄን እያራገፍኩ «አልሞተችም! ትናንት ስለ ጉልበቷ አውርተናል!» ብል ማን ይስማኝ። በደንብ ደረት ተመትቶልሻል፤ ቅር አይበልሽ።

ጫጫታው ሲበርድ ይቅርታ ጠየቅሁ። ወንድሜ የሞተው ከአርባ ሰባት ዓመት በፊት ነው፣ ልጆቹ ናቸው ያሳሳቷችሁ አልኩ። ሴቶቹ ተያዩ፤ እኔም መግቢያ ጠፋኝ። የሶፊ እናት ወይዘሮ ነጅማ ግን «ታዲያ ያኔ ለቅሶ ተቀምጣችሁ ነበር?» አለችኝ። አልተቀመጥንም አልኳት። «እንግዲያው አርፍደን እንጂ ተሳስተን አልመጣንም። አላህ ያጽናችሁ» አለችና ጫማዋን አውልቃ ገባች። ሌሎቹም ተከተሏት።

የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ገብረጊዮርጊስ ተጠሩ። እንደ እሳቸው ያለ ደንብ አክባሪ ሰው እዚህ ልደታ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ እንኳ የሚገኝ አይመስለኝም። መነጽራቸውን አድርገው መተዳደሪያ ደንቡን ከላይ እስከ ታች ካነበቡ በኋላ «ወንድም ሲሞት ይላል እንጂ መቼ እንደሞተ አይጠይቅም» ብለው ፈረዱ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ከፎቁ ሥር ተተከለ። ኮንዶሚኒየሙ የተሠራው የድሮው ሰፈራችን በፈረሰበት ቦታ ስለሆነ ድንኳኑ ከድሮው በራችን ብዙም አልራቀም። ተሰማን ባስወጡበት በር አካባቢ ለተሰማ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። እማዬ ብታይ መጀመሪያ ትቆጣኝ ነበር፤ ቀጥላ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሃል ላይ የምትቀመጠው እሷ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ቅዳሜ ቢሆንም ዩኒፎርም ለብሰው መጡ። ሁሉም በተራ «ነፍስ ይማር» ካሉ በኋላ ሶፊ የቤት ሥራውን ለእኔ መለሰችው። ተሰማ ምን ይወድ ነበር? ሲስቅስ እንዴት ነበር? እታለም፣ አላውቅም። የማስታውሰው እሽኮኮ አድርጎ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ሲወስደኝ ሁለት ጆሮውን እንደ መሪ ይዤ እንደነበር ነው። ፊቱ እንኳ የለኝም፤ ጆሮውን ብቻ። መልሱ ያለው ጂንካ ነው፣ እህቴ ናት የምታውቀው አልኳቸው። እስከዛሬ በየቀኑ «መጡ ወይ?» ይሉኛል።

አመሻሽ ላይ ድንኳኑ ሲነሣ አቶ ገብረጊዮርጊስ «ታላቅ እህት ሳትደርስ ለቅሶው አለቀ አይባልም» ብለው አንዱን አግዳሚ በራችን ላይ አስቀመጡት። ጎረቤት ሁሉ እየተደናቀፈበት ነው፤ አንድም ሰው ግን አንሡልን አላለም። እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ምሽት ቅልል ብሎኝ አያውቅም። አንቺ ግን ልደታን ዳግመኛ አልረግጥም ብለሽ ከሄድሽ አርባ ዓመት አለፈሽ። እማዬንም ወስደሽ እዚያው ጦርሽ እዚያው ቀበርሻት፤ አልፈርድብሽም። የሸሸሽው ቤት ግን ፈርሷል፤ በሩም የለም። ዓቢይ ጾም ሳይገባ ነይ። ጉልበትሽ ደረጃውን እንቢ ካለ አግዳሚውን እኔ ታች አወርደዋለሁ።

ጋሽ ጋሻውን ጉልበት ስመሽ ሰላም በይልኝ። ልጅሽን ሶሲንም እንዲሁ፤ ለነርስነቷም ለትዳሯም ያብቃት። የልጅ ልጅሽን ሙሌን ሁለት ጆሮውን ያዝ አድርገሽ ሳሚልኝ። ሰላም እንኳን አልሞትሽ ብላሻለች። ለጎረቤቶችሽም ሁሉ የእግዚአብሔር ሰላምታዬ ይድረስ። ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ የት ልትሄጂ ነው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያኔ የአዲስ አበባ ናፍቆት ነው፣ ሕክምና ነው፣ ምናምን አትበያቸው። «ወንድሜ ሞቶብኝ ለቅሶ ልቀመጥ ነው» በያቸው።

ታናሽ ወንድምሽ በሱፍቃድ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.