«ታሳሪው ይቅረብ»

ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
ሰኔ 14 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለፍሰሐ፣

የሐረር ፀሐይ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከእግሬ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሹፌሩ በሚደቅሳ እጅ የላክሁት በፖስታ የሚሄደውን ማን እንደሚያነበው ስለማይታወቅ ነው።

የአባትህን ነገር ጠይቀሃል፤ ልንገርህ። ዳኛው በዋስ ይፈታ ብለው ካዘዙ አራት ወር አለፈ። ወረቀቱን ይዤ የታሰረበት ቀበሌ ብሄድ ሊቀመንበሩ ነጋ፣ ያ አባትህ የሠርጉን ኮት በነጻ የሰፋለት ነጋ፣ አንብቦ «የአድሃሪ ወረቀት» ብሎ ኪሱ ከተተው። ዳኛው ፖሊስ አዘዙ። ፖሊሱ እስከ ቀበሌው በር ደርሶ ተመለሰ፤ «የእነሱ ጠመንጃ ከኛ ይበልጣል» አለኝ። በመጨረሻ ቀበሌው ለፍርድ ቤቱ መልስ ጻፈ፦ «በዚህ ስም የታሰረ ሰው የለም።» ማኅተምም አለበት።

ደሜ ፈላ። የለም? ታዲያ በየቀኑ የማደርሰውን ምሳ የሚበላው ማነው? ለእጥበት የወጣልኝን ሸሚዙን ከነእድፉ ጠቅልዬ ችሎት ገባሁና ዳኛው ፊት ዘረጋሁት። «ጌታዬ፣ የሌለ ሰው ያልበዋል?» አልኩ። ዳኛው ሸሚዙ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ አዘዙ፤ ለቀበሌውም «ይህን ሸሚዝ የለበሰው ሰው በአስቸኳይ ይቅረብ» ብለው ጻፉ። ጀግና የሆንኩ መሰለኝ። አይ ሞኝነት!

ትእዛዙ በደረሰ በማግስቱ የቀበሌው ዘበኛ ምሳውን መለሰልኝ። መሬት መሬት እያየ «እትዬ፣ ከእንግዲህ አያምጡ» አለኝ። ይህ ቃል በሰፈራችን ስንት በር ላይ እንደተነገረ ታውቃለህ።

ምነው ያን ሸሚዝ እንደ ወትሮዬ ባጠብኩት ኖሮ!

ጎረቤቶቼ ድንኳን እንትከል ይሉኛል። ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም ብያለሁ። አንተም እንዳትመጣ፤ ነጋ የት እንዳለህ ጠይቆኛል። ዳኛው አሁንም በየወሩ ይቀጥራሉ፣ «ታሳሪው ይቅረብ» ብለው ይጽፋሉ፤ ቀና ብለው ግን አያዩኝም። ባለፈው «ከብዕር በቀር ምን አለኝ እናቴ?» አሉኝ። እሳቸውንም መርገም አቃተኝ።

ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው። የችሎቱ ተላላኪ በር ላይ ቆሞ «አቶ አምሳሉ ወልደገብርኤል!» እያለ ሦስት ጊዜ ይጣራል። ሦስተኛው ላይ ዝም ማለቱ አንጀቴን ይበላኛል፤ እኔው «አቤት» እላለሁ።

ልጄ፣ ስምህን ስጠራ አቤት የምትለኝን አንተን እመቤቴ ልደታ አታሳጣኝ።

እናትህ ሸዋዓለም