ሳልጠይቅህ የሞላሁት ቁጥር

ውድ አባዬ፣

ካረፍክ ሦስተኛ ወርህ ነው። ይህን የምጽፍልህ በሕይወት ሳለህ ፊት ለፊት ልነግርህ ወኔ ስላጣሁ ነው።

ሆስፒታላችን ያለው የኩላሊት እጥበት ማሽን ሁለት ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ፤ በጀቱ ሦስተኛ አይገዛም። ቦታ ሲለቀቅ ማን ይግባ የሚለውን በስሜት እንዳንወስን፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚከፋፈል ሥዕል እንሠራለን፤ ታካሚው ቢታጠብ የመኖር ዕድሉ ስንት ነው፣ ባይታጠብስ? ጫፉ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። «በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽን ጋር ታስሮ የሚገፋ ኑሮ ለእርስዎ ከመቶ ስንት ነው?» ይህን የሚመልሰው ታካሚው ራሱ ነው፤ መልሱ ቅጽ ላይ ይሞላና ከመኖር ዕድሉ ጋር ተባዝቶ ነጥቡ ይሆናል። ደንቡን ያረቀቅኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ያን ሰሞን ለአንዲት ቦታ የቀራችሁት አንተና አንዲት አስተማሪ ነበራችሁ። አለቃዬ «አባትሽ ናቸው፣ ቅጹን ሌላ ሰው ይሙላው» ቢለኝ አሻፈረኝ አልኩ። አላዳላችም እንዲባልልኝ ፈልጌ ነበር፣ አባዬ። አንተን ሳልጠይቅ በመልስህ ቦታ አርባ ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዋ በሦስት ነጥብ በለጠችህ። ባልደረቦቼ «ለአባቷ እንኳ ያላደላች!» ሲሉኝ ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ፊቴን የት ልደብቀው እላለሁ።

የሰዓት መጠገኛ ሱቅህ መጥቼ ቦታውን እንዳላገኘህ ስነግርህ ማጉያውን ከዓይንህ አነሳህ።

«ሂሳቡ ልክ ነው?»

«ልክ ነው፣ አባዬ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? አንቺ ልክ ነው ካልሽ ልክ ነው።» ከዚያ ወደምትጠግነው ሰዓት ተመለስክ።

ለቅሶ የመጣችው ነርስ ናት የነገረችኝ። ተራህን ስትጠብቅ ማሽኑን በበሩ አይተህ እንዲህ ብለሃት ነበር፦ «ጭንቁ አራት ሰዓት ቁጭ ማለቱ ነው እንዴ? እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብዬ የሰው ሰዓት ስጠግን የኖርኩ! ሥራዬን ይዤ እመጣለኋ!» ከልቧ እየሳቀች ነው ያወራችልኝ። እኔ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ይህ አርባ የሚል ሰው መልስ አይደለም።

አስተማሪዋ ደህና ናት። አንዳች ጥፋት የለባትም፤ ግን ኮሪደር ላይ ስታመሰግነኝ ቀና ብዬ ላያት አልችልም።

ነገ ጠዋት ለባልደረቦቼ ያደረግሁትን እነግራቸዋለሁ። ከእነሱ በፊት ግን አንተ መስማት ነበረብህ።

አባዬ፣ ሂሳቡ ልክ አልነበረም።

ልጅህ