በፌስታል የሸጥሽው ሾርባ

እማዬ፣

ካንቺ ወዲህ ሁለት ረመዷን ጾምን። እህቴ ዘሀራ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ያለውን ቦታሽን አልለቀቀችም፤ እንዳንቺው ከአስር ሶላት በኋላ የሾርባውን ድስት ትጥዳለች። አባባ ጉልበቱን ቢያመውም ከመስጊድ አይቀርም። እኔም ወልድያ ማስተማሬን ቀጥያለሁ። ቤቱ ደህና ነው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ፤ ተናድጃለሁ።

አንድ ቀን ለኢፍጣር የሚቸኩለው ሰው ተሰልፎ ሳለ፣ ትኩሱን ሾርባ ፌስታል ውስጥ ስትገለብጪ ጠረኑ አላማረሽም። በማግስቱ ፌስታል የሚያከፋፍለው ነጋዴ ዘንድ ሄደሽ ለምግብ ይሆን እንደሆነ ጠየቅሽው። "ለምግብ ነው፣ አይዞሽ" አለሽ። ይህንን ስትነግሪኝ እኔ ባለዲግሪዋ ልጅሽ ከስልኬ ቀና እንኳ ሳልል "አታካብጂ እማዬ" አልኩሽ። ፊደል ያልቆጠርሽው አንቺ ጠየቅሽ፤ የቆጠርነው ዝም አሰኘንሽ።

ዘንድሮ ለተማሪዎቼ ትምህርት ሳዘጋጅ አነበብኩት። አንዳንድ ፕላስቲክ እንዲለሰልስ የሚጨመሩበት ኬሚካሎች አሉ። ከፕላስቲኩ ጋር አጥብቀው ስለማይያያዙ፣ ትኩስና ቅባት ያለው ምግብ ሲነካቸው እየለቀቁ ይገቡበታል፤ የሰውነትንም ሆርሞን ያዛባሉ። መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ። ጡትሽ ላይ የወጣውን እብጠት ያከሙሽን ሐኪም ሄጄ ጠየቅኋቸው። "የእናትሽ ሕመም በዚህ መጣ ማለት አልችልም፤ ማንም አይችልም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፌስታሉ ገደለሽ አልልም። ግን ምን እንዳለበት የሚናገር አንዲት ፊደል እንኳ አልተጻፈበትም። ስንት ዓመት በእጅሽ የያዝሽውን ነገር ምንነት ሳታውቂ መሄድሽ ነው የሚያንገበግበኝ።

ነጋዴው ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ አንቱ ማለት ግን ከአፌ አልወጣም። "ጠይቃህ ነበር፤ ለምግብ ነው አልካት" አልኩት። "እኔ የመጣልኝን ነው የምሸጥ። ቤቴም በሱው ነው የሚበላ" አለኝ። አመንኩት፤ ባምነውም አልበረደልኝም።

ዘሀራ ፌስታል አቆመች። ዕቃ ይዛችሁ ኑ ስትል መንገደኛው ጥሏት ሄደ፤ ሾርባው ሳይጋመስ ወደ ቤት ይመለስ ጀመር። "እማ ብትኖር ትስቅብኝ ነበር" አለችኝ፤ ግን አልተወችም። ውሎ አድሮ የሰፈሩ ሰው ዕቃውን እያንጠለጠለ ብቅ አለ። አንድ ቀን የነጋዴው ሚስት ትንሽ ብረት ድስት ይዛ መጣች። ዘሀራ እስከ አፉ ሞላችላት። እኔ ፊቴን አዞርኩ። አንቺ ብትሆኚ የልጆቿን ስም እየጠራሽ ደህንነታቸውን ትጠይቂያት ነበር። እኔ ገና እዚያ አልደረስኩም።

አላህ ጀነት ያግባሽ። ቁጣዬ አንድ ቀን ይበርድ ይሆናል። በየዱዓዬ ስምሽን መጥራቴ ግን አይቀርም፣ እስክንገናኝ።

ልጅሽ ሐያት