አባትሽ የሰማው ጥሩምባ

ለልጄ ለኑሃሚን፣ እመብርሃን ከብርዱም ከክፉውም ትሰውርሽ። እኛ ተመስገን ደህና ነን። እህትሽ ሉሊት ስማይርና ከተማ ቤት ገዝታ ስለወጣች እዚህ ክላርክስተን ያለው አፓርትመንታችን ጭር ብሏል።

የፈረንጆቹ ገና ዕለት ስትደውዪ አባትሽ እንደ ልማዱ ከሳሎን ሊወጣ ተነሳ። ጥለሽን እንግሊዝ አገር ከሄድሽ ወዲህ ኩርፊያው አልለቀቀውም። አንቺ ስልኩን ለጓደኛሽ ሰጥተሽ ከምትነፊበት ባንድ ጋር ስትቆሚ እኔ ስፒከር ላይ አደረግኩት። ያለሽባት የዚያች ትንሽ ከተማ ሰው ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ሲዘምር ሰማን። ከዚያ ጥሩምባው ገባ፤ አባትሽም ተመልሶ ተቀመጠ።

«እሷ ናት» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«እኔ አይደለሁ ያስተማርኳት? ትንፋሿ ይጠፋኛል?»

መስመሩ ከተቋረጠ በኋላም ከስልኩ አጠገብ አልተነሳም። በኛ ገና ደግሞ ከቅዳሴ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ኑሃሚን በዚያ ብርድ ስትነፋ ከንፈሯ አይሰነጠቅም?» አለኝ። ስምሽን ከአፉ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! እባክሽ ቅባት ተቀቢ።

ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትደውዪ እኔ ባነሳውም «አባዬን አቅርቢልኝ» በይ። እሱ እንደሆነ አይደውልም፤ ታውቂዋለሽ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን ቀና ይላል።

በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ።

እናትሽ ምህረት