ያልተተኛበት ፍራሽ

ለምወድህና ለምናፍቅህ ታናሽ ወንድሜ ለሕዝቅያስ፤

የጌታ ሰላም በያለህበት ይክበብህ። እንዴት ነህ ሕዝቄ? ጤናህስ እንዴት ነው? በእናንተ ብርድ ጊዜ ይዞህ የነበረው ሳል ለቀቀህ ወይ? ሱቁስ? አብረውህ የሚኖሩት የዱራሜ ልጆችስ ደህና ናቸው? ምሳህን ታበስላለህ ወይስ አሁንም በዳቦና በሻይ ነው የምትውለው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ማለቴ እንደ ደንቡ ነው፤ ደህና ያልሆነውን ደግሞ ዝቅ ብለህ ታነበዋለህ።

በዚህ የስልክ ዘመን ወረቀት አጣጥፌ ስልክልህ ምን መጣ ብለህ እንዳትደነግጥ። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታሰረም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንተ ስትደውል እማዬ ሁልጊዜ አጠገቤ ናት፤ የታመመው ወገቧ ነው እንጂ ጆሮዋ የኮረዳ ጆሮ ነው። ወጣ ብዬ ላናግርህ ብል ደግሞ ምን ደብቃችሁኝ ነው ብላ ቀኑን ሙሉ ታኮርፋለች። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ ሜሮን ባሏ ዘንድ ደርባን ልትመጣ ስለሆነ በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ደንበኛ እያስተናገድክ እንዳይሆን።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ባለፈው እሑድ እማዬን አዲሱ ፍራሽ ተስማማት ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ፣ አዎ፣ እንደ ሕፃን ነው የምትተኛው አልኩህ። ዋሸሁህ ወንድሜ። እዚያ ፍራሽ ላይ አንድ ቀን እንኳ ጋደም ብላ አታውቅም። አንተ ለወገቧ ብለህ ያስገዛኸው፣ እኔ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ያስመረጥኩት ፍራሽ ከሐምሌ ጀምሮ ማንም ሳይተኛበት ተቀምጧል። እሷ እዚያው የአባዬ የጥጥ ፍራሽ ላይ ናት፤ ወገቧም ከቀን ወደ ቀን እየባሰ ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ከመጀመሪያው ላጫውትህ።

ዶክተሩ በሰኔ ራጅ አስነስቶ ሲያያት፣ መድኃኒቱን ትውሰድ፣ ከሁሉ በላይ ግን የምትተኛበት ይቀየር፣ በዚሁ ከቀጠለች ቀና ብላ መሄድ ያቅታታል አለኝ። ምን ላይ ነው የሚተኙት ብሎ ሲጠይቃት ደረቷን ነፍታ ባሌ የሠራው ፍራሽ ላይ ነው አለችው። እውነቱን ለመናገር ያ ፍራሽ ፍራሽነቱ ካበቃ ቆይቷል። ጥጡ ተጋግሯል፤ በአንድ በኩል ጉብታ፣ በሌላ በኩል ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ የአባዬ ቦታ ነው፤ እሱ ካረፈ ይኸው ስንት ዓመት ሆነው፣ ቦታው ግን አሁንም እንደጎደጎደ ነው። እሷ ጉድጓዱን ለእሱ ትታ ጉብታው ላይ ነው የምትተኛው።

አባዬ ይህን ቢያይ ምን ያህል ያፍር ነበር! ገበያው ዳር የነበረችው የቆርቆሮ ሱቁ ትዝ ትልሃለች? ጥጡን በደጋን ሲነድፍ ብናኙ ቅንድቡና ጢሙ ላይ እያረፈ፣ እኛ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሽበት አወጣህ እያልን ስንስቅበት? ሽበቱን ሳያይ ይሄዳል ብሎ ማን አሰበ። ሰፍቶ ሲጨርስ፣ ኑ ቀማሾቼ ይለን ነበር። ደብተራችንን ወርውረን፣ ጫማችንን አውልቀን አዲሱ ፍራሽ ላይ እንዘረጋለን፤ እሱ ከላይ ቆሞ የቱ ጋ ነው የሚቆረቁራችሁ እያለ ይጠይቀናል። አንተ መነሳት ስለማትፈልግ ምንም አይቆረቁርም ትላለህ። እኔ ደግሞ እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ እያልኩ ሥራ አበዛበታለሁ። አንድ ቀን የሙሽሮች ፍራሽ ላይ እንቅልፍ ወስዶህ፣ ሚዜዎቹ ጋሪ ይዘው ሊወስዱት ሲመጡ አባዬ፣ ልጄ ሳይነቃ አላስነሳም ብሎ ደጃፍ ላይ አስጠበቃቸው። ሚዜዎቹ ሲነጫነጩ፣ አባዬ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም በሉ ሲላቸው አሁንም ይታየኛል። ያን የመሰለ እንቅልፍ ዛሬ ከየት ይገኛል ሕዝቄ?

ከዚያ ስፖንጅ መጣ። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ አንድ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል ተባለና ደንበኛው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። አባዬም መርፌውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሰው ሱቅ ጥበቃ ገባ። የመጨረሻውን ፍራሽ የሠራው ለእማዬ ነው። ይህን የምነግርህ የምታውቀውን ልድገምልህ ብዬ አይደለም፤ እንዲያው ፍራሽ ፍራሽ ስንል ሰንብተን ሆዴ ባብቶ ነው።

አንተ ከታች ስፕሪንግ፣ ከላይ ስፖንጅ ያለበት ይገዛላት ስትል ልጄ ሶልያና ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። መቼም የእኔ ልጅ ናት፣ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። የየፋብሪካውን ፍራሽ ውፍረቱን፣ የስፕሪንጉን ብዛት፣ የዋስትናውን ዓመት ደብተሯ ላይ አሰፈረች። መጨረሻ ላይ ደመና የሚባለው፣ ንጉሥ የሚባለውና ከቱርክ የመጣው ቀሩ። እማዬ ደብተሩን አየት አድርጋ፣ ፍራሽ ለመግዛት ማትሪክ መፈተን አለብኝ እንዴ አለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሦስታችን በባጃጅ ፒያሳ ወረድን። አራተኛው ሱቅ የሙክታር ነበር። የስልጤ ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ አንደበቱ የተባረከ። እማማ፣ አይፈሩ፣ ጋደም ብለው ይሞክሩት ብሎ ለመናት። እሷ ደግሞ፣ በጠራራ ፀሐይ ሰው ፊት የሚጋደም በሽተኛ ነው ብላ በክርኗ ጫን ጫን አደረገችና እኔን አዘዘችኝ። እስቲ አስበው፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ ጫማዬን አውልቄ የፒያሳ መንገደኛ እያየኝ ከፍራሽ ፍራሽ ስገላበጥ! ዓይኔን ስጨፍን አባዬ ከላይ የቆመ መሰለኝ። የቱ ጋ ነው የሚቆረቁርሽ የሚለኝ መሰለኝና እንባዬ መጣ፤ ሙክታር ስፕሪንጉ ወጋሽ ወይ ብሎ ደነገጠ።

ደመናው ለስላሳ ነው፣ ግን ይውጥሃል፤ ለመነሳት ሰው መጥራት አለብህ። የቱርኩ ጨርቁ ሲያምር ስፖንጁ ሳሳ ይላል። ንጉሡ ጠንከር ያለ ነው፤ ወገብን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ጠርዙ ላይ ስትቀመጥም አይከዳህም። ሙክታር እያንዳንዱ ስፕሪንግ ለብቻው በጨርቅ የታሰረ ስለሆነ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው አይሰማውም ብሎ አስረዳን። እማዬ ታዲያ፣ አጠገብህ ያለው ሰው ሲገላበጥ ካልተሰማህ መኖሩን በምን ታውቃለህ አለችው።

ከዚያ የእሷ ጥያቄ ጀመረ። ርዝመቱ ስንት ነው? ረጅም ሰው ቢተኛበት እግሩ አይወጣም? ወፈር ያለ ሰው ይችላል? ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው ያሳርፋል? ሙክታር ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ባሏ የሞተባት አሮጊት ለረጅምና ለወፍራም ሰው ፍራሽ ስትጠይቅ ምን ይባላል? በዚህ ዕድሜዋ ልትዳር ነው እንዴ አልኩ በልቤ፤ ሳቄን ያፈነልኝ ጌታ ነው። ዋስትናው አሥር ዓመት ነው ሲላት ደግሞ፣ የሚቆጠረው ከተገዛበት ቀን ነው ወይስ ከተተኛበት ቀን ብላ ጠየቀችው። እማማ፣ ሰው ገዝቶ ሳይተኛ ይቀራል እንዴ ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም፤ መልሱን ትጠብቅ ነበር።

ሶልያናም እኔም ንጉሡን አልን፤ እማዬም እሱኑ፣ ግን ከሁሉ ረጅሙን አለች። ለካ እኛ ስለ ወገቧ ስንመርጥ እሷ የላክህላትን ፎቶ በልቧ ይዛ ስለ አንተ ቁመት ነበር የምትመርጠው። እኔ ሞኟ ተስማማን ብዬ ደስ አለኝ። እሷም ደስ ብሏት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ውሰጂኝ አለችና ሄደን ዓሣ በላን። አባዬ እሑድ እሑድ እዚያ ሲወስደን አንተ ከአባ ኮዳ ጋር የተጣላህበትን፣ ወፉ ዓሣህን ከእጅህ ነጥቆ ሲውጥ መሬት ላይ የተንከባለልክበትን እያነሳች እስኪያስላት ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ዓመት አልፎኝ ነበር።

ፍራሹ ቤት ሲደርስ ጫኞቹን ራሷ መርታ ወደ ጓሮዋ ክፍል አስገባችው፤ አንተ ከመሄድህ በፊት ወደነበርክባት። ለጊዜው ነው ብዬ ተውኩት። ጠዋት ስገባ አልጋው ተዘጋጅቷል፣ አዲስ አጎበር ተሰቅሏል፣ ፍራሹ ግን ከነላስቲኩ ነው። እማዬ እዚያው ጉብታዋ ላይ አድራለች። የክፍሉን ቁልፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቷ ላይ አስራዋለች።

በነሐሴ ወንጌላዊ ኤልናታን ከዱራሜ መጥተው ሦስት ቀን ሲሰነብቱ የት ያሳደረቻቸው ይመስልሃል? ሶፋ ላይ! እማዬ! ለእንግዳ አልጋዋን ለቅቃ መሬት የምትተኛዋ እማዬ! ሰውየው እግራቸው ተንጠልጥሎ አድረው ጠዋት እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይላሉ፤ ባሌ ታምሩ በሀፍረት መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለ። ያኔ ነው የያዝኳት። ምን እያደረግሽ ነው ብላት፣ ልጄ ለገና እመጣለሁ ብሏል፤ እኔ ቀድሜ ላጎድጉድበት? የመጀመሪያውን እንቅልፍ እሱ ይተኛበት፣ እሱ ሲጠግብ እኔ እተኛበታለሁ አለችኝ። እሱ እኮ ለአንቺ ነው ያስገዛው አልኳት። እሱ ለእኔ ገዛ፣ እኔ ለእሱ መረጥኩ፣ አንቺን ምን አገባሽ አለችኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ጫማዋን ልታደርግ ጎንበስ ብላ ቀና ማለት አቃታት። ታምሩ አቅፎ አነሳት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም፤ መታጠቢያ ቤት እንኳ የምትደርሰው በእኛ ክንድ ነው። ዶክተሩ ፍራሹ ተቀየረ ወይ ቢላት፣ ተገዝቷል አለችው። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

ሕዝቄ፣ ለገና የቀረው ሁለት ወር ከምናምን ነው። እመጣለሁ ስትል ይህ ስድስተኛህ ነው። እየወቀስኩህ አይደለም። ወረቀትህ እንዳላለቀ፣ አንዴ ከወጣህ መመለሻ እንደሌለህ ለታምሩ ነግረኸዋል፤ እሱም ነግሮኛል፣ አትቆጣው። አንተ እመጣለሁ የምትላት እሷን ለማስደሰት ነው፤ እኔም ተመችቷታል ያልኩህ አንተን ለማስደሰት ነው። እንዲህ ስንደላለል እሷ ጎበጠች።

የምትመጣ ከሆነ ቀኑን ቁረጥና ንገራት። የማትመጣ ከሆነ ደግሞ ራስህ ደውለህ፣ እማዬ፣ ዘንድሮ አልመጣም፣ ፍራሹ ላይ ተኚበት በላት። የእኔን አትሰማም፣ የዶክተሩንም አትሰማም፤ ያንተን ግን ትሰማለች። ታለቅሳለች፣ አልደብቅህም። እኔም አብሬያት አለቅሳለሁ፤ እኔስ ወንድም አይናፍቀኝም? ግን አልቅሳም ቢሆን ትተኛለች። ይህን ለእኔ አትተወው፤ እኔ ልነግራት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሌላ ነገር አውርቼ ወጥቻለሁ።

ታምሩ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል። ሶልያና አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች፤ ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ በቁመት በልጣኛለች። ሙክታር እንኳ ፒያሳ ባገኘኝ ቁጥር ፍራሹ እንዴት ሆነላችሁ ይለኛል፤ እሱንም እየዋሸሁት ነው። የቤቱን ልጆች ሁሉ በስም በስማቸው ሰላም በልልኝ።

እማዬም ስጽፍ አይታኝ ሰላምታዬን ጻፊልኝ ብላ አልፋ ነበር። አሁን ግድግዳውን ይዛ ተመልሳ መጣችና፣ እሱ ሲተኛ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ግድግዳ ነው ወይስ ወደ በር፣ ጠይቂልኝ፣ አልጋውን እንደዚያ አስዞርለታለሁ አለችኝ። ወደ ግድግዳ ነበር እኮ፣ ረሳሽው እንዴ አልኳት። እሱማ ልጅ ሳለ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዴት እንደሚተኛ እኔ በምን አውቃለሁ አለችኝ።

እህትህ ፅጌ
ሐዋሳ፣ ምሥራቅ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.